ክር ከመግዛት በፊት፦ ከኢስታንቡል የክር ኤግዚቢሽን የተገኘ ትምህርት



በዚህ መጽሔት ስለ መኖሪያ ፈቃድ አወጣጥ፣ ስለ ፈተናና ስለ ቤት ኪራይ በየጊዜው ተጽፏል። ስለ ሹራብ ሥራ ግን እስካሁን ብዕሩን ያነሣ ያለ አይመስለኝም። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህንን ርእስ ሲያዩ እንደሚስቁ ዐውቃለሁ፤ በመኝታ ክፍላችን መርፌና ክር ይዤ ስቀመጥ «እመቤት» እያሉ መጥራት ከጀመሩ ሁለት ክረምት አልፏልና። ይሁን እንጂ እነዚያው ጓደኞቼ የአንካራ ብርድ ሲጠና የአንገት ልብስ እንድሠራላቸው ወረፋ ይዘዋል። በሀገራችን ሸማ የሚሸምነው ወንድ መሆኑን ላስታወሳቸውም የሚመልሱልኝ የለም። ስለዚህ ቀልዱን ወደ ጎን ትቼ፣ በክር ምርጫ ረገድ ከሠራሁት ስሕተትና ከዚያ በኋላ ከተማርሁት ለሌሎች የሚጠቅመውን ለማቅረብ እሞክራለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የስሕተቱ ታሪክ

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ሀገሩ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ሹራብ መሥራት እንደ ተማርሁ በመጀመሪያ ያሰብሁት ለእርሷ ነበር። የሥራውን መመሪያ ከአንድ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ክሩንም ከሁሉ ርካሽ የሆነውን፣ ቀለሙም ደማቅ የሆነውን አክሪሊክ ገዛሁ። መጽሐፉ በመጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሠርታችሁ ለኩ ይላል። እኔ ግን ጊዜ ማባከን መስሎ ስለ ታየኝ በቀጥታ ወደ ሥራው ገባሁ። በሁለት ወር ጨርሼ ወደ ሀገር ቤት በሚመለስ ተማሪ እጅ ላክሁት።

በስልክ ስጠይቃት «ደስ ይላል፣ ይሞቃል» አለችኝ። የሆነውን ነገር የነገረኝ ከወር በኋላ ወንድሜ ነው። ሹራቡ ሰፍቷታል፤ እጅጌውም ረዝሞ ጣቷን አልፏል። እጅጌውን ጠቅልላ እንጀራ ስትጋግር፣ ከምጣዱ ሥር እንጨት ልትቈሰቍስ ጎንበስ ስትል ጥቅሉ ተፈትቶ እሳቱ ላይ ወረደ። ክሩ ተቀጣጠለ፣ እንደ ሰምም ቀልጦ ከእጇ አንጓ ላይ ተጣበቀ። ምራቷ በአጠገቧ ስለ ነበረች ወዲያው ውሃ አፈሰሰችበት። ቁስሉ ቢድንም ጠባሳው ዛሬም አለ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከእናቴ አንድ ጥቅል ደረሰኝ። ያልተቃጠለውን የሹራቡን ክፍል ተርትራ፣ ክሩን በስድስት ልቃቂት ጠቅልላ መልሳ ልካዋለች። ከልቃቂቶቹም ጋር ራሷ የፈተለችው አንድ የጥጥ ክር ነበረ፤ በሁለት ቦታ ተቋጥሯል። መልእክቱም «ከብብቴ እስከ እጄ አንጓ ይኸው ነው፣ ከዚህ አታሳልፍ» የሚል ነው።

ጥፋቱ ሁለት ነበር ማለት ነው። አንደኛው አለመለካቴ ሲሆን ሁለተኛው የክሩን ጠባይ አለማወቄ ነው። ወደ ኢስታንቡል የክር ኤግዚቢሽን እንድሄድ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

2. ሹራብ ከሸማ በምን ይለያል?

ሸማኔ ጨርቅን የሚሠራው ድርና ማግ አቋርጦ ነው። በሹራብ ሥራ ግን ድርና ማግ የለም፤ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። ክሩ ቀለበት እየሠራ፣ አዲሱ ቀለበት በፊተኛው ውስጥ እያለፈ ረድፍ በረድፍ ያድጋል። እያንዳንዱን ቀለበት «ዐይን» እንበለው። ሹራብ የሚለጠጠውና በሰውነት ላይ የሚመቸው እነዚህ ዐይኖች ቅርጻቸውን ስለሚለዋውጡ ነው። ጫፉን ይዘው ቢስቡትም እስከ መጀመሪያው ዐይን ድረስ ይተረተራል፤ እናቴ ክሩን ለመመለስ የቻለችውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሙያ ከምንማርበት ክፍለ ዓለም ጋር የቈየ ዝምድና አለው። በለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከ250 እስከ 420 ባለው ጊዜ ውስጥ በግብፅ የተሠሩ፣ በነጠላ ጫማ እንዲደረጉ ጣታቸው ለሁለት የተከፈለ ቀይ የእግር ሹራቦች አሉ። እነዚህ ግን የተሠሩት በአንድ የስፌት መርፌ፣ ክሩን እያሰሩ በማሳለፍ ነው። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ መርፌዎች ከተሠሩት እውነተኛ የሹራብ ሥራዎች መካከል እስካሁን የሚታወቁት እጅግ የቈዩት የተገኙትም በዚያው በግብፅ ሲሆን፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ የእግር ሹራቦች ይገኙባቸዋል። በግብፅ ዐረብኛ «ሹራብ» ማለት እስከ ዛሬ ካልሲ ማለት ነው። እኛ ቃሉን ለደረት ልብስ ብናውለውም «የእግር ሹራብ» ስንል ከዚያው እንገናኛለን። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የእግር ሹራብ የሚሠራ መሣሪያ በ1589 እስኪፈለስፍ ድረስ ሥራው ሁሉ በእጅ ይከናወን ነበር።

3. በኤግዚቢሽኑ ያየሁት

ኤግዚቢሽኑ የሚካሄደው በኢስታንቡል በአውሮፓ ወገን፣ ከቤይሊክዱዙ ባሻገር በሚገኘው በቱያፕ አዳራሽ ነው። ሜትሮቡስ በሚባለው የከተማ አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ መሄድ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ከሚያጠና አንድ ቱርካዊ ጓደኛዬ ጋር በሌሊት አውቶቡስ ከአንካራ ተነሥተን ጧት ደረስን።

እኔ የጠበቅሁት በሱቅ እንደማያቸው ያሉ ለስላሳ ጥቅሎችን ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ቦታው የፋብሪካዎች ገበያ ነው፤ ክሩ በትልልቅ የሾጠጠ ማጠንጠኛ ላይ ተጠቅልሎ በመደርደሪያ ተኰልኵሏል፤ በየጠረጴዛው የቀለም ናሙና የተለጠፈበት ካርድ አለ። ለአንዲት እናት ሹራብ የሚበቃ የሱፍ ክር እንደምፈልግ ለአንዱ ሻጭ ብነግረው «ስንት ቶን?» ሲል ጠየቀኝ። ስድስት መቶ ግራም ነው ስለው ሣቀ፤ ነገር ግን አላባረረኝም። ወንበር ሰጥቶ፣ ሻይ አስመጥቶ፣ በማጠንጠኛው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ አስረዳኝ። የዚያን ቀን ዋናው ትርፌ ይህ ነው።

ሀ. የክር ቁጥር። በሱፍ ክር ላይ ብዙ ጊዜ «28/2» የሚል ዓይነት ቁጥር ይገኛል። 28 የሚለው፣ ከአንዱ ነጠላ ክር አንድ ግራም ቢመዘን 28 ሜትር ርዝመት አለው ማለት ነው። 2 የሚለው ደግሞ ሁለት ነጠላ ክሮች አብረው ተገምደዋል ማለት ነው። እንግዲህ የተገመደው ክር አንድ ግራሙ 14 ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። በሱቅ የምንገዛው የእጅ ሥራ ክር ላይ ይህ ቁጥር ባይኖርም ክብደቱና ርዝመቱ ስለሚጻፍ ራሳችን ማግኘት እንችላለን፤ 100 ግራሙ 200 ሜትር ከሆነ አንድ ግራሙ 2 ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለት ጥቅሎች በዐይን ሲታዩ እኩል ቢመስሉም፣ አንዱ 200 ሜትር፣ ሌላው 140 ሜትር ቢይዝ ሥራውም ዋጋውም አንድ አይደለም። መመዘን ያለበት የሜትሩ ዋጋ ነው።

ለ. ቀጭኑን ማወፈር። ቀጭን ክር በርካሽ ቢገኝ ብዙውን አንድ ላይ ይዞ መሥራት ይቻላል። ከላይ የተጠቀሰው 28/2 ክር ሰባቱ አብረው ቢያዙ፣ 14 ለ7 ሲካፈል አንድ ግራሙ 2 ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም የተለመደው የሹራብ ክር ውፍረት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለተማሪ ኪስም ይሠራል።

ሐ. ግመዳው። ነጠላ ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈተላል፤ ሁለቱ ሲገመዱ ደግሞ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራሉ። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ስለሚያጠብቀው ክሩ ይረጋል። እንዝርት ስታሾር ያደገች እናት ያላችሁ ሁሉ ይህንን በልጅነታችሁ አይታችሁታል። ግመዳው የላላ ክር ለእጅ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን በብብትና በክርን ላይ ቶሎ ጉብጉብ ያወጣል። ግመዳው የጠበቀው እንደ ልብ ባይለሰልስም ዕድሜ አለው።

4. የጭረቱ ዓይነትና እሳት

በጥቅሉ ወረቀት ላይ ክሩ ከምን እንደ ተሠራ በመቶኛ ይጻፋል። በቱርክኛ «ዩን» ሱፍ፣ «ፓሙክ» ጥጥ፣ «ቲፍቲክ» የአንካራ ፍየል ጠጉር ነው፤ አክሪሊክ ግን በስሙ ይጠራል። በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን የገበያ ስም ሳይሆን በትንንሹ የተጻፈውን መቶኛ ማንበብ ያስፈልጋል። «ሱፍ» ተብሎ የተሸጠ ክር ሦስት አራተኛው አክሪሊክ ሆኖ ይገኛልና።

አክሪሊክ ከነዳጅ ዘይት ውጤት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጭረት ነው። ቱርክ የዚህ ታላቅ አምራች ናት፤ በ1968 የተመሠረተው የያሎቫው አክሳ ፋብሪካ በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ ነው። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ብል አይበላውም፣ በመኪና ይታጠባል። በማሞቂያ ለሚኖር ተማሪ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ እሳት ሲነካው በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እየነደደም ይቀልጣል፤ ቅላጩም ከቆዳ ላይ ይጣበቃል።

የበግ ጠጉር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በውስጡ ብዙ ናይትሮጅን አለ፤ ከአየር የሚስበውም እርጥበት ቀላል አይደለም፤ የክብደቱን እስከ 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ አይመስልም። ስለዚህ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ፍም ቢወድቅበት በወደቀበት ቦታ ይከስላል፣ የጠጉር ሽታ ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሣም ይጠፋል። አይቀልጥም።

ሻጩ ይህንን ሲያስረዳኝ ትዝ ያለኝ የአባቴ ባና ነው። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሸመነ፣ ሻካራና ከባድ ነበር። አባቴ ምድጃ ዳር ተከናንቦት ሲያንቀላፋ ስንት ጊዜ ፍም እንደ ወደቀበት የቤታችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጠጉር ጠጉር ሸትቶ በዚያው ይቀራል። የመንዝ ሰው ባናውን፣ ዝተቱንና በርኖሱን ከበግ ጠጉር የሚሠራው ለብርዱ ብቻ ሳይሆን ኑሮው ከምድጃ ጋር ስለሆነም ይመስለኛል። እኔም በዚያው ምድጃ ዳር አድጌ፣ ሹራቡን ስሠራ ያሰብሁት ብርዱን ብቻ ነበር።

አንባቢ የያዘውን ክር ለመለየት ቢፈልግ ቀላል ፈተና አለ። ጣት የሚያህል ቁራጭ በወረንጦ ይዞ፣ ከሥሩ የብረት ሳሕን አስቀምጦ፣ ውሃም አጠገቡ አድርጎ በክብሪት ይለኵሰው። ጠጉር ሸትቶ በጣት የሚደቅ አመድ ከተወ ሱፍ ነው። እንደ ወረቀት ነድዶ ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው።

ሱፍም ጉድለት አለው። የእያንዳንዱ ጠጉር ገጽ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራራቢ ስለሆነ፣ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ቅርፊቶቹ ይቈላለፋሉ፤ ሹራቡም ይጠብና ይጠነክራል። በመኪና የሚታጠብ ተብሎ የሚሸጠው ሱፍ ቅርፊቱ በክሎሪን የተለሰነና በላዩ ቀጭን ሙጫ የተቀባ ነው። ይህ ያልተደረገለት ሱፍ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ሳይታሽ ታጥቦ ተነጥፎ መድረቅ አለበት።

5. ክሩ የት ተገኘ?

ከኤግዚቢሽኑ የወጣሁት ባዶ እጄን ነው። ያ ሻጭ ግን «በችርቻሮ የምትፈልግ ከሆነ ኩርክቹ ሐን ሂድ» አለኝ። ቦታው በኤሚኖኑ በላይ፣ በማሕሙት ፓሻ ገበያ ውስጥ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የኢስታንቡል ድል አድራጊ የሱልጣን ሜሕመት ታላቅ ቪዚር የነበረው ማሕሙት ፓሻ ያሠራው የነጋዴዎች ማረፊያ ሲሆን፣ ስሙ የጸጉራም ቆዳ ነጋዴዎችን የሚያመለክት ቢሆንም ዛሬ በግቢው ዙሪያ ያሉት ሱቆች የሚታወቁት በሹራብ ክር ነው።

በአንዱ ሱቅ ደጃፍ አንዲት አሮጊት ክሩን በአንገታቸው ዙሪያ አሳልፈው ሹራብ ይሠሩ ነበር። በቱርክ ገጠር ይህ የቈየ ልማድ ነው፤ አንገት ክሩን ስለሚይዘው እጅ አይደክምም፣ የዐይኖቹም ጥብቀት እኩል ይሆናል። «ቴይዜ» ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ የእናቴን ነገር ነገርኋቸው። ቀለሙን ከመምረጤ በፊት የስድስቱን ጥቅሎች የማቅለሚያ ቁጥር አንድ በአንድ እያዩ አመሳከሩልኝ። በቱርክኛ «ሎት» ይባላል፤ በአንድ ጊዜ ያልተነከረ ክር በሱቅ ውስጥ አንድ ቢመስልም በፀሐይ ላይ ልዩነቱ ይታያል። መቶ በመቶ ሱፍ፣ 100 ግራሙ 200 ሜትር፣ ስድስት ጥቅል ገዛሁ። ዋጋው ከአክሪሊኩ ከእጥፍ በላይ ነበር፤ የወሩን የሲኒማና የካፌ ወጪዬን ትቼ ሸፈንሁት።

ከዚያው ሱቅ አንዲት ትንሽ ጥቅል ቲፍቲክም ጨመርሁ። በሌላው ዓለም ሞሄር የሚባለው ይኸው ነው። «አንጎራ» የሚለው የፍየሉ ስም የምንማርባት የአንካራ የቀድሞ ስም ነው፤ አንጎራ ሱፍ የሚባለው ግን የጥንቸል ጠጉር ስለሆነ ሁለቱ መምታታት የለባቸውም። እንደሚተረከው በ1838 ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተላኩት ፍየሎች ወንዶቹ እንዳይራቡ ተኰላሽተው ነበር፤ አንዲቱ እንስት ግን እርጉዝ ሆና ተገኘች፣ ወንድም ወለደች። ዛሬ ከዓለም የሞሄር ምርት ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው።

6. በእጄ ያሉት ሥራዎች

አንደኛው የእናቴ ሹራብ ነው። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ናሙና ሠርቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መካከሉን ለካሁ። በ10 ሳንቲ ሜትር ወርዱ 20 ዐይን፣ ቁመቱ 28 ረድፍ ሆነ። የፊተኛው ስሕተት ከየት እንደ መጣ ግልጽ የሆነልኝም ያን ጊዜ ነው። መጽሐፉ ያዘዘው በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ዐይንና 24 ረድፍ ሲሆን፣ የተመለሰውን ክር በዚያው መርፌ ሠርቼ ስለካው የእኔ እጅ ላላ ብሎ 16 ዐይንና 21 ረድፍ ነው። በዚህም የተነሣ 180 ዐይን የነበረው የደረቱ ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባው 112 ተኩል ሆነ። 108 ረድፍ የነበረው እጅጌም 45 መሆን ሲገባው ከ51 ሳንቲ ሜትር በላይ ረዘመ። እናቴ በላከችው የጥጥ ክር በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ያለው ግን 42 ሳንቲ ሜትር ነው። ከልኳ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያህል ያለፈ እጅጌ ነበር የላክሁላት።

አሁን የምሠራው እጅጌ በ112 ረድፍ፣ ማለትም በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ሁለቱን ሳንቲ ሜትር የተውኋት ሆን ብዬ ለምድጃው ነው። ጫፉም አጥብቆ የሚይዝና ሲሰበሰብ የማይወርድ ሆኖ ይሠራል። ደረቱና አንዱ እጅጌ አልቀዋል፤ ሁለተኛው እጅጌ በመርፌ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ከተመለሰው አክሪሊክ የሚሠሩት የአንገት ልብሶች ናቸው። ከስድስቱ ልቃቂት ሦስት ይወጣል፤ «እመቤት» የሚሉኝ ጓደኞቼ በተራቸው ይወስዳሉ። በዚህ ሀገር መኝታ ቤት ምድጃ ስለሌለ አያሳስብም፤ ሆኖም በጋዝ ምድጃ ሻይ ስታፈሉ አውልቁት።

ሦስተኛው በቱርክ ልማድ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚሠራ የእግር ሹራብ ነው። ከጣት መጀመሩ የሚጠቅመው ክሩ ካነሰ ቁርጭምጭሚቱን ማሳጠር ስለሚቻል ነው። አራተኛው ከቲፍቲኩ የሚሠራው ቀጭን የአንገት ልብስ ሲሆን፣ እርሱን ለጊዜው አቁሜዋለሁ፤ የፍየሉ ጠጉር ስለሚጠላለፍ ሲሳሳቱ ለመተርተር አስቸጋሪ ነው።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ ሹራብ ለመሥራት የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ለባሹ የሚውለው የት ነው? ክሩ ከምን ተሠራ፣ የሜትሩስ ዋጋ ስንት ነው? በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የእኔ እጅ ስንት ዐይን ይሠራል? ሦስተኛውን ለመመለስ አንድ ምሽት ይበቃል። እኔ ያችን ምሽት ስለ ቈጠብኋት ሁለት ወር ሥራ ከመጥፋቱም በላይ እናቴ ተቃጥላለች።

ለመማር የሚፈልግ ቢኖር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበራችን ክፍል እገኛለሁ። መርፌ አለኝ፤ ክር ግን መቶኛውን አንብቦ ራሱ ይዞ ይምጣ። የእናቴ የጥጥ ክርም በቦርሳዬ ውስጥ አለ። እጅጌው በየዐሥር ረድፉ የሚለካው በእርሱ ነው።